ኮንቴይነሩ ከመታዘዙ በፊት የአዲስ አበባው ቤት በር ይለካ

የአንባቢያችን ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። በመጪው ሐምሌ ጠቅልለን አዲስ አበባ እንገባለን። ሲኤምሲ አካባቢ አራተኛ ፎቅ ላይ የገዛነው አፓርታማ አለ፤ እስካሁን አማቴ ናቸው የሚጠብቁልን። የተቸገርኩት በዕቃው ነው። ባለቤቴ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ይዘን ሶፋውንም፣ ፍሪጁንም፣ ልብስ ማጠቢያና ማድረቂያውንም፣ መኪናውንም እንውሰድ ይላል። 'ሌሊት እየሠራሁ የገዛሁትን በነጻ አልበትንም' ነው ነገሩ። እኔ ሁሉንም ሸጠን በሻንጣ ብቻ እንሂድ ባይ ነኝ። በዚህ ከተኳረፍን ሰነበትን። የ14 ዓመቷ ልጄ ያለ ሙዚቃ ኪቦርዷ አልንቀሳቀስም ብላለች። የ9 ዓመቱ ደግሞ ድሮኑን ካልያዘ አይሆንም። ወሬውን የሰማ ዘመድ ሁሉ 'ቦታ ካላችሁ' ማለት ጀምሯል። አንድ ድርጅት ቤታችንን ሳያይ በስልክ 'ከበር እስከ በር' ብሎ ርካሽ ዋጋ ሰጥቶናል። ምን ይሻለናል? እኔ ዜግነት ከወሰድኩ ቆይቻለሁ። ባለቤቴ ግሪን ካርድ ላይ ነው፤ ዜግነቱን ዛሬ ነገ ሲል ዓመታት አለፉ። እሱ እንኳ ከዕቃው ጋር አይገናኝም። — ግራ የገባት»

መልስ፦

ግራ የገባሽ እህቴ፣ «ከዕቃው ጋር አይገናኝም» ካልሽው ልጀምር። ከጠየቅሽኝ ሁሉ የሚያስቸኩለው እሱ ነው።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከአሜሪካ ውጭ ከ1 ዓመት በላይ ከቆየ በካርዱ ብቻ ተመልሶ መግባት አይችልም። ሪ-ኢንትሪ ፐርሚት የሚባል ፈቃድ አለ፤ ቢበዛ ለ2 ዓመት ይሰጣል። ማመልከት የሚቻለው ግን አሜሪካ ውስጥ እያሉ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ገብታችሁ ብታስታውሱት ባቡሩ አምልጧል። «በየስድስት ወሩ ብቅ እያልኩ አቆየዋለሁ» የሚለውም አያስተማምንም። ቤቱን ሸጦ፣ ልጆቹን አዛውሮ፣ ኮንቴይነር ልኮ የሄደ ሰው ኤርፖርት ላይ «የምትኖረው የት ነው?» ሲባል ምን ብሎ ይመልሳል?

ስለዚህ ባለቤትሽ መሥፈርቱን የሚያሟላ ከሆነ የዜግነት ማመልከቻውን፣ ኤን-400 የሚባለውን ፎርም፣ ዛሬ ነገ ሳይል ያስገባ። ከአሜሪካ ዜጋ ጋር በትዳር አብሮ የሚኖር በ3 ዓመት፣ ሌላው በ5 ዓመት ማመልከት ይችላል። ቃለ መጠይቁና መሐላው እዚያው ነው የሚፈጸመው። በመሀል ለረጅም ጊዜ ከወጣ ደግሞ ቆጠራው ይበላሻል። ጉዳዩ እስከ ሐምሌ ካላለቀ አንቺና ልጆቹ ቀድማችሁ ሂዱ፣ እሱ ጨርሶ ይከተላችሁ። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ለአንድ ሰዓት ቁጭ ማለት ከሶፋው ጭነት ይረክሳል።

ከዕቃው ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው። ጭነት የሚገባው በሰው ስም ነው። ጉምሩክ የሚጠይቀውም ያ ሰው በየትኛው ወረቀት እንደገባ ነው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። አንቺም ሆነ ልጆቹ የምትገቡት በአሜሪካ ፓስፖርትና በቢጫ ካርድ፣ ማለትም በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ዛሬ ባለበት ሁኔታ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ቢጫ ካርዱ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የመጣ ነው። ያለ ቪዛና ያለ ሥራ ፈቃድ ለመኖርና ለመሥራት ያስችላል። እዚያ ለተወለዱ ልጆችም ይሰጣል። የራስሽንና የልጆቹን ሳትወጪ ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲ ጨርሺ። እግረ መንገድሽን ጠቅልሎ የሚመለስ ሰው የቤት ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲገባለት አሁን የሚጠየቀውን ማስረጃ በጽሑፍ ተቀበይ። መመሪያው ይለዋወጣል። ከሦስት ዓመት በፊት የገባ ጎረቤት የነገረሽን ይዘሽ እንዳትሄጂ።

አሁን ወደ ኩርፊያው። አንቺ ጨርቄን ማቄን ሳልል ልሂድ ባይ ነሽ፤ እሱ ማንኪያ አይቅር ባይ። ሁለታችሁም የምትቆጥሩት የሲልቨር ስፕሪንጉን ቤት ነው። እስኪ ከሲኤምሲው ጀምሩ። ለአማትሽ ደውለሽ አንድ ዘመድ ሜትር ይዞ እንዲመጣ ለምኛቸው። የመግቢያው በር ስንት ነው? ደረጃው ሲጠመዘዝ ስፋቱ ስንት ነው? አሳንሰር አለው? ካለስ መብራት ሲጠፋ ይሠራል? የሳሎኑ ግድግዳ ሶፋውን ይችለዋል? በቪዲዮ እያያችሁ ይለካ፣ ባለቤትሽም አብሮ ይይ። የአሜሪካ ኤል ቅርጽ ሶፋ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲወጣ የሚሆነውን በቃል ከመከራከር ቁጥሩን ማየት ይቀላል።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ። አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ቮልቱን በትራንስፎርመር ማውረድ ይቻላል፤ ኸርዙን ግን ትራንስፎርመር አይነካውም። ለ60 የተሠራ ሞተር በ50 ሲነዳ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ፍሪጁም ልብስ ማጠቢያውም እዚህ ውስጥ ናቸው። ማድረቂያው የባሰ ነው። የሚበላው ኃይል ብዙ ነው፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ ደግሞ ሥራውን በነጻ ይሠራል። ከላይ የሚከፈተው ትልቁ ማጠቢያ ብዙ ውኃ ይፈልጋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ዙር አጥቦ ሮቶውን ሲያጋባ አማትሽ ምን እንደሚሉ አንቺ ታውቂያለሽ።

እንግዲህ እያንዳንዱን ዕቃ ገልብጣችሁ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ካለ ይሄዳል። ላፕቶፕ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ብዙዎቹ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች እንዲህ ናቸው። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ ካለ ይሸጥ። ማይክሮዌቭ፣ ብሌንደር፣ ቡና ማፍያ፣ የፀጉር ማድረቂያ እዚያው ይቅሩ። እንጀራ የምትጋግሪበት ምጣድም ያው ነው፤ ለሚቀር ጓደኛ ስጪው፣ ይመርቅሻል። የልጅሽን ኪቦርድ ግን አትዘኑበት። አብዛኞቹ ኪቦርዶች የሚሠሩት በቻርጀሩ በኩል በሚገባ አነስተኛ ቮልት ነው። የቻርጀሩን ጽሑፍ እዩት፤ 220 የማይቀበል ከሆነ ቻርጀሩ ብቻ ይለወጣል። መሄድ ካለበት ነገር ሁሉ አንደኛው እሱ ይሁን። በ14 ዓመት ጓደኞቿን ትታ የምትሄድ ልጅ ናት።

መኪናውን በአጭሩ። ቤንዚን ወይም ናፍጣ የሚጠቀም ከሆነ ነገሩ አልቋል። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ኢትዮጵያ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። «የማውቀው ሰው አለ፣ ያስገባልናል» የሚል ከመጣ ስልኩን ዝጊው። ኤሌክትሪክ ቢሆን እንኳ የአሜሪካው መሰኪያ አዲስ አበባ ላይ ከበዙት የቻይና መኪኖች ጋር አይገጥምም። ሸጣችሁ ገንዘቡን ያዙ።

ፍሪጁ፣ ማጠቢያው፣ ማድረቂያው፣ መኪናውና ሶፋው ከዝርዝሩ ሲወጡ ባለ 40 ጫማው ኮንቴይነር ባዶውን ነው። ባለ 40 ጫማ ወደ 67 ሜትር ኩብ ይይዛል፣ ባለ 20 ጫማ ወደ 33። የቀራችሁ ዕቃ ከባለ 20ው ግማሽ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ያኔ ከሌሎች ጋር በአንድ ኮንቴይነር ቦታ ተጋርቶ በሜትር ኩብ መክፈል አለ። አጓጓዡን ሁለቱንም ዋጋ ጠይቁት። የጋራው የሚዘገየው ኮንቴይነሩ እስኪሞላና የሁሉም ወረቀት እስኪስተካከል ነው። የአንዱ ሰነድ ከተበላሸ ሌላው አብሮ ይጠብቃል።

ምን ይሂድ? እንደ እኔ፣ አዲስ አበባ ላይ የሚወደደውና ጥራቱ የማያስተማምነው። ጥሩ ፍራሽ ካላችሁ ውሰዱት። የልጆች የእንግሊዝኛ መጻሕፍት፣ ብስክሌት፣ ባትሪና ሞተር የሌላቸው የእጅ መሣሪያዎች፣ ወፍራም ድስቶች፣ ብርድ ልብስ፣ የዝናብ ጃኬት። ለልጆቹ አንድና ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ ጫማ። መሶቡና ጀበናው ግን ይቅሩ እንጂ! ከመርካቶ ተገዝቶ ሜሪላንድ የገባ መሶብ በጅቡቲ ዞሮ ሲመለስ ማየት አልፈልግም።

የጊዜው ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ዕቃው ከሜሪላንድ ወጥቶ መርከብ ላይ ይጫናል፣ መንገድ ላይ ወደብ ይቀይራል፣ ጅቡቲ ይወርዳል፣ ከዚያ በመኪና ወይም በባቡር ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። ሞጆ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር ጥቃት የተነሳ ብዙ መርከቦች የስዊዝን ቦይ ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ መዞር ጀምረዋል። ስለዚህ ወኪሉ የሚነግርሽን ቀን ስሚ፣ ነገር ግን በትንሹ ሦስት ወር ብለሽ አቅጂ።

እዚህ ላይ መዘግየቱን ለጥቅማችሁ አውሉት። በሐምሌና በነሐሴ ዕቃ ማውረድ ማለት ፍራሽና መጻሕፍት በክረምት ዝናብ ስር ማውረድ ነው። በዚያ ላይ የዕቃው ባለቤት ፓስፖርቱን ይዞ አገር ውስጥ መገኘት አለበት፤ አለዚያ ሕጋዊ ውክልና ያስፈልጋል። ዕቃው እናንተን ቀድሞ ከደረሰ በደረቅ ወደቡ ይቀመጣል፣ ዲመሬጁ፣ ማለትም ለዘገየበት የሚከፈለው፣ በየቀኑ ይቆጥራል። ሰኔ መጨረሻ ላይ አስጭናችሁ፣ እናንተ በሐምሌ ገብታችሁ፣ ዕቃው በመስከረም ማለቂያ ወይም በጥቅምት ቢደርስ ጥሩ ነው። ቲኬቱን የሚወስነው የልጆቹ ትምህርት ቤት መክፈቻ ይሁን እንጂ መርከቡ አይሁን። ኢንተርናሽናል የሚባሉት ነሐሴ ላይ ይከፍታሉ፣ ሌሎቹ መስከረም ላይ።

በመሀል ያሉትን ወራት በምን ትኖራላችሁ? በሻንጣ በሄደውና እዚያው በተገዛው። ይህን ለባለቤትሽም ንገሪው። ሦስት ወር ሙሉ መሬት ላይ አትቀመጡም፤ ወንበር ትገዛላችሁ፣ ምድጃ ትገዛላችሁ፣ ፍሪጅ ትገዛላችሁ። ኮንቴይነሩ ሲደርስ ቤቱ ግማሹ ሞልቷል። አንድ ቤት ሁለቴ ነው የሚገዛው ማለት ነው።

ስለዚያ ርካሽ ዋጋ። ቤታችሁን ሳያይ፣ ዕቃውን ሳይለካ ዋጋ የሰጠ ሰው በኋላ «በዛ» ብሎ ይጨምራል። ዕቃው እጁ ከገባ በኋላ ደግሞ መከራከሪያ የላችሁም። አሜሪካ ውስጥ የቤት ዕቃ በባሕር የሚልክ ድርጅት ከፌዴራል ማሪታይም ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ስሙን በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ፈልጊው፤ ከሌለ ተዪው። ሦስት ድርጅት መጥቶ ዕቃውን አይቶ በጽሑፍ ዋጋ ይስጥ። ከዚያ «ከበር እስከ በር» ማለት የትኛው በር እንደሆነ አንድ በአንድ ጠይቂ። የጅቡቲ ወደብ ክፍያ አለበት? የሞጆው ማከማቻስ? ትራንዚተሩን፣ የጉምሩኩን ጉዳይ የሚያስፈጽመውን ሰው፣ ማን ይከፍላል? ባዶ ኮንቴይነሩን መመለስ የማን ነው? አራተኛ ፎቅ ድረስ ያወጣል ወይስ ግቢ ውስጥ ጥሎ ይሄዳል? በዋጋው ውስጥ አለ ያለውን ሁሉ ይጻፍልሽ።

አዲስ አበባ ላይ ሌላ ወጪም አለ። ትልቁ መኪና ሰፈራችሁ ላይገባ ይችላል። ዕቃው ወደ አይሱዙ ይገለበጣል። ከዚያ የሰፈሩ ጫኝና አውራጅ ልጆች ይመጣሉ። መኪናው ቆሞ፣ ዕቃው ተዘርግፎ ዋጋ መደራደር ከባድ ነው፤ «ከአሜሪካ የመጣ» ሲባል ደግሞ ዋጋው ፎቅ ይወጣል። ከአንድ ቀን በፊት ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ይነጋገርላችሁ። አማትሽ ይህን ከማንም የተሻለ ይችሉበታል።

ስም ላይ አደራ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለ። አሜሪካ ስንገባ አንዱ የቤተሰብ ስም ይሆናል፣ አንዱ መሀል ላይ ይሸጎጣል፣ አንዱ ይጠፋል። ቢል ኦፍ ሎዲንግ በሚባለው የጭነት ሰነድ ላይ የሚጻፈው ተቀባይ ዕቃውን በሚያወጣበት ፓስፖርት ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን። ባልና ሚስት የተለያየ የአባት ስም ስላለን የጋብቻ ወረቀቱን አንዘንጋ። የጋብቻው ወረቀትና የልጆቹ የልደት ወረቀት በግዛቱ፣ በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና በኤምባሲያችን መረጋገጥ አለባቸው፤ ጊዜ ይበላል፣ አሁኑኑ ጀምሪ። እነዚህ ወረቀቶች፣ የልጆቹ የትምህርትና የክትባት ማስረጃ፣ የምትወስዱት መድኃኒትና ማዘዣው ኮንቴይነር ውስጥ አይግቡ። በእጅ ሻንጣ ናቸው።

ካርቶኖቹን ቁጥር ስጧቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ ያለውን፣ ብዛቱንና ግምቱን በእንግሊዝኛ ጻፉ። ኤሌክትሮኒክስ ከሆነ ሲሪያል ቁጥሩ ይግባ። «ልዩ ልዩ ዕቃ» የሚል ካርቶን ፈታሹን «ክፈተኝ» ይለዋል። ኢንሹራንስ ስትገቡ ደግሞ ይህን ጠይቂ፦ ራሳችሁ ያሸጋችሁት ካርቶን ውስጥ የተሰበረ ዕቃ ይከፈላል ወይ? ብዙዎቹ ለተሰበረ የሚከፍሉት ድርጅቱ ራሱ ላሸገው ብቻ ነው። ብርጭቆና ሳህኑን ለእነሱ ተዉት፣ ልብሱን እናንተ እሸጉ።

«ቦታ ካላችሁ» የሚሉት ዘመዶችሽ ነገር ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ በባህላችን እምቢ ማለት ያስቀይማል። ግን ዝርዝሩ ላይ የምትፈርሚው አንቺ ነሽ። የታሸገ ካርቶን ሰጥታሽ «ልብስ ብቻ ነው» ያለችሽ ጓደኛ ውስጡ አምስት አዲስ ስልክ ቢኖርስ? የቤት ዕቃ ተብሎ በገባ ጭነት ውስጥ የዋጋ ወረቀቱ ያልተነሳለት፣ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ከነካርቶኑ ያለ ዕቃ ሲገኝ ለንግድ የመጣ ይመስላል። ጥያቄው የአንድ ካርቶን ሆኖ አይቀርም፤ ጭነቱ በሙሉ ይያዛል። ስለዚህ ለሁሉም አንድ መልስ ይኑርሽ፦ «ዝርዝሩ ለኤምባሲ ገብቷል፣ መጨመር አይቻልም።» ዝርዝሩን በጊዜ ካስገባሽ ውሸትም አይሆንም። ለአክስቶች ለብቻው አንድ ሻንጣ መድቢ። ፊትሽ ተከፍቶ፣ አይተሽው የሚገባ ስጦታ ብቻ። ሻንጣው ሲሞላ ሞላ ነው።

ባለቤትሽን እንዴት እንደምታናግሪው ደግሞ ልንገርሽ። «በነጻ አልበትንም» ያለውን ቃል በቃሉ ያዢለት። በነጻ አይበተን። ሽያጩን እሱ ይምራው፤ ያርድ ሴሉን፣ ኢንተርኔቱን፣ የመኪናውን ድርድር። የተገኘው ገንዘብ ለብቻው ተቀምጦ ለአዲስ አበባው ቤት ዕቃ ብቻ ይዋል። ምን እንደሚገዛበትም እሱ ይምረጥ። ሌሊት የሠራበት ገንዘብ ከሶፋነት ወደ ሶፋነት ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። አንቺም ከ«ሻንጣ ብቻ» ትንሽ ውረጂ። መሣሪያዎቹንና አንድ እሱ የሚወደውን ዕቃ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ያለ ክርክር ይጫንለት። ቁጥሩን ከለካችሁ በኋላ ተነጋገሩ፤ ከዚያ በፊት ስለ ሶፋው አታንሺ።

የቀረው ድሮኑ ነው። ድሮን ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ አይገባም፤ ኤርፖርት ላይ ይያዛል፣ ኮንቴይነር ውስጥ ቢገኝ ደግሞ ቤተሰቡን ሁሉ ያስጠይቃል። ለልጁ ዛሬውኑ እውነቱን ንገሩት። ሸጦ ብስክሌት ይግዛበት፤ ብስክሌቱ ይጫናል።